ሁለተኛው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ

ሐኪሙ ዕጢዬን ወሰደ፤ ይውሰድ፣ አልቆጭም። ስንት ዓመት አብሮኝ ኖሮ በስተርጅና የከዳኝን ቁራጭ ሥጋ የት ጣልከው ብዬም አልጠየቅሁትም። አፌን የወሰዱት ግን የገዛ ቤቴ ሰዎች ናቸው። ባለቤቴ፣ ልጄ፣ የባለቤቴ እህት፣ ጎረቤቱ፣ እድርተኛው ሁሉ ተረባርበው ምን እንደምጎርስ፣ ምን እንደምጠጣ፣ በስንት ሰዓት እንደምጠጣ ሲወስኑ እኔ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ አዳምጣለሁ። ከፕሮስቴት ኦፕራሲዮን የተነሣ ወንድ ምን ያጣል ብሎ የሚጠይቀኝ ካለ መልሴ አጭር ነው፤ በገዛ ድስቱ ላይ የነበረውን ሥልጣን ያጣል። የቀረውን ሐኪም ይንገራችሁ።

ጡረታ የወጣሁ የታሪክ መምህር ነኝ። የምኖረው ቦሩ ሜዳ ነው፤ ከደሴ ወደ ሰሜን ወጣ ብሎ፣ ነፋሱ ለሽማግሌ የማያዝንበት ሜዳ ላይ። ተማሪዎቼን ሳስተምር የኖርኩት ትልቁ ነገር ደግሞ እዚሁ ደጃችን የሆነው ነው። በግንቦት 1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ እዚህ ሰፍረው፣ የሸዋውን ንጉሥ ምኒልክን አስቀምጠው የሃይማኖት ጉባኤ አስቻሉ። ሊቃውንቱ ተከራከሩ፤ ከእስክንድርያ የመጣ ደብዳቤ ተነበበ፤ ክርስቶስ ሦስት ልደት አለው የሚሉት ተረቱ። አንገዛም ካሉት መነኮሳት ምላሳቸው የተቆረጠ እንዳሉ ይነገራል። ተከትሎ የመጣው አዋጅ ለወሎ እስላም ምን ያህል መራራ እንደነበረ አገር ያውቀዋል፤ ኢማም መሐመድ አሊ ክርስትና ተነሥቶ ሚካኤል የተባለው ያኔ ነው፣ አልቀበልም ያለው ደግሞ ሸፈተ፣ ተሰደደ። "ጉባኤው ሲጀመር ፍርዱ አልቆ ነበር ወይስ አላለቀም?" እያልኩ ተማሪ ሳስጨንቅ ኖሬ፣ መልሱን እኔው ታምሜ አገኘሁት። አልቆ ነበር።

ነገሩ እንዲገባችሁ ከዕጢው ልጀምር። ፕሮስቴት ወንድ ብቻ የሚሸከመው ዕጢ ነው። ከሽንት ፊኛ ሥር ተቀምጦ የሽንት ቧንቧውን ዙሪያውን ይይዘዋል፤ በጎልማሳነት ክብደቱ 20 ግራም ቢሆን ነው። ዕድሜ ሲገፋ ያድጋል። ከ50 እስከ 60 ዓመት ካሉት ወንዶች ግማሽ ያህሉ፣ 80 ካለፉት ደግሞ እስከ 90 በመቶ የሚሆኑት ይህ እድገት እንደሚገኝባቸው የሕክምና መጻሕፍት ይናገራሉ። እስቲ ፍርዱን እዩልኝ! ጉልበቴ ሲከዳ፣ ጥርሴ ሲረግፍ፣ ቁመቴ ሳይቀር ሲያጥር፣ ከሰውነቴ ሁሉ ተለይቶ የጎረመሰ እሱ ብቻ። ጎርምሶም አላረፈ፤ ቧንቧውን አንቆ ያዘው።

የኛ አገር ወንድ ታዲያ ሽንቱ ሲቆራረጥ፣ ሌሊት አራት አምስቴ ሲነሣ፣ ጨረስኩ ብሎ ሳይጨርስ ሲመለስ "ብርድ መታኝ" ይላል። ቦሩ ሜዳ ላይ ደግሞ ብርድ ከሶ የሚረታ ሞልቷል። ብርድ ነው፣ ብርድ ነው ሲል ከርሞ አንድ ሌሊት ጭራሹን ሲዘጋበት በሰው ትከሻ ደሴ ይወርዳል፤ ቱቦ ይገባለታል። ያደገ ዕጢ ሁሉ ካንሰር አይደለም፤ ካንሰር መሆን አለመሆኑን የሚለየው ግን ሐኪም እንጂ ፀሐይ ሲሞቁ የሚውሉ ሽማግሌዎች አይደሉም። ሽንቱ ውስጥ ደም አይቶ ዝም የሚል ካለ እኔ በቀብሩ አልገኝም፤ የጉልበት ችግር አለብኝ።

ደግሞ ይሄ ዕጢ ማዕረግ አይፈራም። የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ሃሮልድ ማክሚላን በ1963 እ.ኤ.አ. ከሥልጣን የወረዱት በእሱ ሰበብ ነው። የፈረንሳዩ ቻርል ደ ጎል በ1964 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት እያሉ ለዚሁ ዕጢ ተቀደዋል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ድረስ መጥተው ጃንሆይን ጎብኝተዋል። ሲያገግሙ ምን እንደበሉ የጻፈልን የለም። ለነገሩ በርበሬ በማይበላበት አገር የታመመ ሰው ምን ይቀርበታል?

እኔን የቀደዱኝ ደሴ ነው። ስለ ቀዶ ጥገናው ብዙ የማወራው የለኝም፤ ከወገቤ በታች አደንዝዘውኝ ስለነበር የሐኪሞቹን ጨዋታ ሳዳምጥ ቆይቼ አለቀ ተባልኩ። ከዚያ በቱቦው በአንድ በኩል ንጹሕ ውሃ እየገባ፣ በሌላው ደም ደም ያለው እየወጣ ፊኛዬን ሲያጥቡት ሰነበቱ። የሚወጣው እየጠራ ሄደ፤ ቱቦውም ተነቀለ። ተገላገልኩ አልኩ። መከራው የመጣው ስወጣ ነው።

ስወጣ ሐኪሙ አንድ ወረቀት ሰጠኝ። ሰጠኝ ስል ለልጄ ሰጣት። ልጄ ኮምቦልቻ የምትሠራ ነርስ ናት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላል ያገሬ ሰው፤ ነርስ ጨምሩበት። ወረቀቱን አራት እጥፍ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ስትከተው አየሁ። በእኔ አንጀት ላይ የተጻፈ ሕግ በእኔ እጅ ሳይገባ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ አደረ።

ጉባኤው የተቀመጠው ቅዳሜ ነው፣ ሳሎናችን ውስጥ። እኔ በጋቢ ተጠቅልዬ ከአልጋው ላይ፣ ሊቃውንቱ ከሶፋው ላይ። ሦስት ወገን ሆኑ።

አንደኛው የቅቤ ወገን ነው፤ መሪዋ ባለቤቴ። "ደሙ ፈሷል፣ ሆዱ ባዶ ነው። ገንፎ በቅቤ፣ ጭኮ፣ የዶሮ መረቅ ካልገባለት አይነሣም" አለች። በልቤ ድምፄን ሰጠኋት። ሁለተኛው የበርበሬ ወገን ነው። አብሮኝ ያስተማረ ባልንጀራዬ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ቁስል የሚያደርቀው የሚያቃጥል ነገር ነው፣ ዱለት በሚጥሚጣ ይሠራለትና ከላዩ አንድ መለኪያ አረቄ ይጨመርበት አለ። ለእሱም ድምፄን ሰጠሁት። ሦስተኛው የማር ወገን ነው። ጎረቤታችን ሐጂ "አብሽሩ መምህር! ማርና ጥቁር አዝሙድ ጠዋት በባዶ ሆድ፣ ሲመሽ ሞቅ ያለ ወተት። አላህ ያሽርዎ እንጂ ይሄ ምን አላት" አሉ። ለሐጂም ሰጠሁ። ሦስቱንም እንዴት ትደግፋለህ የሚለኝ ካለ፣ የራበው ሰው ወገን የለውም።

ያን ጊዜ ልጄ ቦርሳዋን ከፈተች። ከእስክንድርያ የመጣው ደብዳቤ ይኸውላችሁ አልኩ ለራሴ። አነበበችው። ቡና ለጊዜው የለም። ጠላ፣ ጠጅ፣ ቢራ፣ አረቄ የለም። በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ ሰናፍጭ የለም። ለስላሳ የለም። ከባድ ነገር ማንሣት የለም፤ በቅሎ መጋለብ የለም። ውሃ፣ በቀን ከሁለት እስከ ሦስት ሊትር። ቅንጬ፣ ጎመን፣ ምስር አልጫ፣ ፓፓያ፣ ያልተፈተገ እህል። ቁስሉ እንዲሽር እንቁላልና ሥጋ በልኩ። ቅቤው ይቀነስ። ባለቤቴ አንገቷን ደፋች፤ ባልንጀራዬ ባርኔጣውን ፈለገ፤ ሐጂ "እንግዲህ ዶክተሩ ካሉ" ብለው ተነሡ። በመጀመሪያው ጉባኤ እንኳ የተረቱት አፍታ ተከራክረዋል። በዚህኛው የማንም ምላስ አልተቆረጠም፤ የእኔ ብቻ ሳይቆረጥ ሥራ ፈታ።

ልጄ ምክንያቱን ስትጠየቅ ደግሞ ምክንያት አላት፤ የሚያናድደው ይሄ ነው። "አባባ፣ ፊኛዎ ገና ቁስል ነው። ቡናና በርበሬ ያስቆጡታል፤ ሽንት ሽንት ይልዎታል፣ ያቃጥልዎታል። ውሃው ደግሞ ደሙን ያጥበዋል፤ ካልጠጡ ይረጋና ቧንቧውን ይዘጋዋል። ሆድዎ እንዲደርቅ አንፈልግም። ከደረቀ ያምጣሉ፤ ካማጡ ቁስሉ ይደማል። እባክዎ አያምጡ።"

አያምጡ! ሰባት ልጅ አምጣ የወለደች እናቷ አጠገቤ ቆማ ነው ይህን የምትለኝ። ባለቤቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ጓዳ ገባች። ሣቋ ግን በግድግዳው አልፎ ይሰማል።

ከዚያን ቀን ወዲህ የሆዴ ነገር የቤቱ ርእሰ ጉዳይ ሆነ። ሽንት ቤት ደርሼ ስመለስ በር ላይ "እንዴት ነበር?" የሚለኝ አላጣም። ተልባ ይቆላል፣ ይወቀጣል፣ በውሃ ተበጥብጦ ሲያድር ሲያሙለጨልጭ ይቀርብልኛል። የተልባ ነገር እናቶቻችንም ያውቁታል፤ ሆድ ሲደርቅ እሱን ነበር የሚያጠጡን። ያኔ ግን ማር ነበረበት። ከቃሉ ቆላ የመጣ ፓፓያ ተልጦ ተቆርጦ በሰሐን ይመጣል፤ ጎመን በምሳ፣ ጎመን በእራት። መምህር ሆኜ በጠመኔ ብናኝ ስንት ዓመት ኖሬ፣ በጡረታዬ በጎመን ልለቅ ነው መሰለኝ።

የውሃውን ነገር ደግሞ ስሙኝ። ልጄ በየሳምንቱ መጨረሻ ከኮምቦልቻ ስትመጣ የታሸገ ውሃ በካርቶን ታስጭናለች። ኮምቦልቻ የቢራ ፋብሪካ ያለባት ከተማ ናት። ከዚያች ከተማ ለታመመ አባቷ ውሃ ተሸክማ የምትመጣ ልጅ ያለው ሰው ከእኔ ሌላ ካለ ይጻፍልኝ። ደግሞ ውሃ የሚያስጠማው ቆላ ላይ ነው። ኮምቦልቻ ሙቀት ነው፤ ሰው ሁለት ሊትር ሲጠጣ ላብ ሆኖ ይወጣለታል። ቦሩ ሜዳ ላይ ውርጭ ወርዶ ሣሩ ነጭ ሆኖ በሚያድርበት ሰሞን የጠጡት ውሃ መውጫው አንድ ነው፤ እሱ ደግሞ ገና ታድሶ ያላለቀ መንገድ ነው። የመጠጫው ሰዓት ወረቀቱ ላይ አለ፤ ከጠዋት እስከ ከሰዓት በኋላ አብዝቶ፣ ከመሸ መቀነስ። እኔ ደግሞ ጠዋት ብርድ ስለሚሆንብኝ አዘገየዋለሁ፤ ሲመሽ ባለቤቴ ጠርሙሱን ወደ መብራቱ አንሥታ ታያለች። "ይሄ ምንድነው?" ትለኛለች። ውሃ ነው እላለሁ። ቆማ ታስጨርሰኛለች። ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ ቡሉኮ ተከናንቤ ከፖፖው ጋር ስንተያይ እናድራለን።

ከሁሉ የባሰው ግን ቡናው ነው። ወሎ ውስጥ በሽተኛ የሚጠየቀው በቡና ነው። አልጋው አጠገብ ሣር ይጎዘጎዛል፣ ረከቦቱ ይቀርባል፣ ዕጣኑ ይጨሳል። ቡናው ሲታጠብና ሲቆላ ጭሱ በየአፍንጫው ይዞራል፤ ለእኔ ሲደርስ "ለእሱስ ይሽተተው፣ ምን ይሆናል" ይባላል። እንድሸት ተፈቅዶልኛል! አቦል ይቀዳል፤ ጤና አዳሟ ከስኒው ላይ ትንሳፈፋለች። ቶና ይቀዳል። በረካ ይቀዳል። ሰዎቹ ፉት እያሉ ስለ እኔ ሕመም በዝርዝር ያወራሉ፤ አንዷ "ከስቷል" ስትል፣ ሌላዋ "ምን ይብላ፣ ተከልክሎ" ትላለች፤ ቆሎውን ይዘግናሉ፣ ዳቦውን ይቆርሳሉ፣ "እግዜር ይማርህ" ብለው መርቀው ይሄዳሉ። በእኔ ሕመም ሰበብ ስንት ኪሎ ቡና እንደተጠጣ ባለቤቴ ብቻ ናት የምታውቀው። እኔ የደረሰኝ ምርቃቱ ነው።

ጠያቂ ባዶ እጁን አይመጣም፤ ወሎ ነውና። የሚያመጣው ግን ሁሉ የተከለከለ ነው። አንዱ ሚሪንዳ በሣጥን ይዞ መጣ፤ ጋዙ ፊኛ ያስቆጣል ተባለ፣ ልጆች ጠጡት። ሌላው ብርቱካን አመጣ፤ ኮምጣጣነቱ ገና ለቁስል አይሆንም ተባለ፣ ልጆች ላጡት። ከሆስፒታል አጠገብ የሚኖር ሰው ሁሉ ደግሞ ግማሽ ሐኪም ነው። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታላችን፣ ድሮ ሚሽነሪዎች ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የከፈቱት፣ ዛሬ ለዓይን ሕክምና ከሩቅ የሚመጡበት ነው። በአጥሩ ሥር ሲያልፍ የኖረ ሁሉ ታዲያ ያዝዝልኛል። ዓይን ሲታከም ያየ ሰው ስለ እኔ ፊኛ ምን ያገባዋል? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ፤ ናቁኝ።

ከጠያቂዎቹ ሁሉ የማልረሳው አንድ ሽማግሌ አለ። ገባ፣ ተቀመጠ፣ ቡናውን ጠጣ፣ በሐዘኔታ አየኝና "አይዞህ፤ ጃንሆይም እኮ በዚሁ ነው ያለፉት" አለኝ። እንዲህ ያለ ማጽናኛ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አንገቴን ከትራሱ ላይ ቀና አደረግሁ። ታሪክ ሲበላሽ መምህር ተኝቶ አያዳምጥም። ደርግ በነሐሴ 1967 ዓ.ም. ጃንሆይ አረፉ ሲል ሰበቡን ከፕሮስቴት ኦፕራሲዮን ጋር አያይዞ ማውጣቱ እውነት ነው። ሐኪማቸው የነበሩት ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ግን ይህን አልተቀበሉም። የጃንሆይ አጽም በ1984 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥቱ ወለል ሥር ተቆፍሮ ወጣ፤ በጥቅምት 1993 ዓ.ም. ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ። የደርግ ሹማምንት ችሎት ሲቆሙም የጃንሆይ ግድያ ከክሶቹ አንዱ ነበር። ያ ሁሉ ሰው በጠራራ ፀሐይ ያለቀበት መንግሥት፣ ሲጨንቀው ጣቱን በአንዲት ዕጢ ላይ ቀሰረ! ይህን ሁሉ ለሽማግሌው አስረዳሁት። አዳመጠኝና "ይሁን፤ ብቻ ተጠንቀቅ" አለኝ። ዳቦውን አስደግሞ ሄደ።

የታመምኩበትን ጊዜ ደግሞ ልንገራችሁ። ዘመኑ 2017 ዓ.ም. ነው። ዓቢይ ጾም የካቲት 17 ገባ፤ ረመዳን የካቲት 22 ተከተለ። እኔ የተቀደድኩት ሁዳዴ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ነው። ስለዚህ አልጋ ላይ ሆኜ ዙሪያዬን ሳይ ክርስቲያኑ ጾመኛ፣ እስላሙ ጾመኛ። የነፍስ አባቴ መጥተው "ለበሽተኛ ጾም የለበትም፤ የታዘዘልዎትን ይብሉ፣ ይጠጡ" ብለው አሰናበቱኝ። እንግዲህ በቦሩ ሜዳ ላይ በጠራራ ፀሐይ የሚበላው ጡት ያልጣለ ሕፃንና እኔ ብቻ ነን። ይሄን ዕድል ሌላ ሰው ቢያገኘው ምን ይሠራበት ነበር! እኔ ያለ በርበሬ የተሠራ የአጃ ሾርባ ጠጣሁበት።

ሾርባውስ ይሁን፤ ጨው የሚቀምስለት ሰው ጠፋ። ባለቤቴ ጾመኛ ናት፤ የዶሮ መረቅ ምላሷ ላይ አታደርስም። የሐጂ ልጅ ልታግዛት ትመጣለች፤ እሷም ጾመኛ ናት፤ እስኪያፈጥሩ ውሃም አትቀምስ። ሁለቱ ድስቱ ላይ ቆመው በጠረኑ ብቻ ይመካከራሉ። አንድ ቀን ባሕር፣ አንድ ቀን ጨው አልባ። በመጨረሻ ቀማሽ ሆኖ የተሾመው የሦስት ዓመቱ የልጅ ልጄ ነው። ማንኪያ ይሰጡታል፤ ይልሳል፤ "ጣፈጠ" ይላል። ጠጠር ብትሰጡት ጣፈጠ የሚል ልጅ ነው። በእሱ ፊርማ ስንቱን መረቅ ጠጣሁ። ቱቦው ከተነቀለ በኋላ ጥቂት ሳምንት ሽንት ማንጠባጠቡ ያለ ነገር ነውና ዳይፐሩንም ከእሱ ክምችት ነው የጀመርኩት፤ አልበቃ ሲለኝ ነው የአዋቂ የተገዛልኝ። አያትና የልጅ ልጅ አንድ አጥሚት፣ አንድ ገበታ፣ አንድ ዓይነት ልብስ። ልዩነታችን እሱ ሲያለቅስ የሚሰሙት መሆኑ ነው።

ከቀትር በኋላማ አይነሣ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቅዳሴ ተወጥቶ የእኛ ቤት ገበታ ይቀርባል። ሽሮው ይንተከተካል፤ ስልጆው በሰናፍጩ አፍንጫ ይሰረስራል፤ ሱፍ ፍትፍቱ ይታጠፋል። ይጾማሉ የተባሉት ሰዎች ይህን እየበሉ፣ ከጾም ነጻ የወጣሁት እኔ ቅንጬዬን አላምጣለሁ። መግሪብ አዛን ሲል ደግሞ ከሐጂ ቤት የሳምቡሳው ዘይት ሲጮህ ይሰማል። ሐጂ ደግ ጎረቤት ናቸው፤ ሲያፈጥሩ ድርሻዬን ይልካሉ። ከሥጋው እንዳልነካ ያውቃሉ፤ የወሎ ሰው የጎረቤቱን ሥርዓት ያውቃል፤ የምስሩን ሳምቡሳ ለይተው በሰሐን ላኩልኝ። ልጄ ከሰሐኑ ላይ አንሥታ ለሁለት ከፈለችውና ውስጡን አየችው። "ቃሪያ አለበት" አለች። ቴምሩን ተወችልኝ፤ ለሆድ ጥሩ ነው ብላ። ሁለት ሃይማኖት ደግሶ ከሁለቱም የደረሰኝ ሦስት ፍሬ ቴምር ነው።

ሥጋ በልክ ስለተባለ ልጄ ዓሣ አሰበች። ሐይቅ ቅርብ ነው፤ ቆሮሶው ከሐይቁ በጠዋት ወጥቶ ደሴ ገበያ ይደርሳል። መጣ፣ ታረደ፣ ተጠበሰ ብዬ ስጠብቅ ተቀቅሎ መጣ። ዓይኑን ከፍቶ ያየኛል። በሎሚ እንኳ አልታሸም። የሐይቅ እስጢፋኖስ መነኮሳት በብሕትውናቸው ስማቸው የተጠራ ነው፤ በእኔ ዓሣ ግን የሚቀኑ አይመስለኝም።

ደሴ ላይ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አይጠየፍ አዳራሽ ዛሬም ቆሟል። በደጉ ዘመን ሹሙም ድሃውም አንድ ላይ ግብር የሚበላበት ነበር፤ ብርንዶው ተንጠልጥሎ፣ ጠጁ በዋንጫ እየዞረ። ተማሪዎቼን ይዤ እየሄድኩ ግድግዳውን አሳይቼ ስለ ግብሩ ሳስረዳ ምራቄን እንደምውጥ አስታውሳለሁ። ንጉሥ ሚካኤል ለአገሩ ሁሉ ሲያበሉ ወረቀት የያዘ አልነበረም። እዚያው ክፍለ አገር፣ ከመቶ ዓመት በኋላ፣ አንድ የታሪክ መምህር እንቁላል ሲቀርብለት አስኳሉን ስንት ጊዜ በሳምንት እንደበላ ይጠየቃል።

እንግዲህ እየቆጠርኩ ሳይሆን እየተቆጠረብኝ ወራቱ አለፈ። ኢድ መጣ፤ ሐጂ አርደው ቤታቸው ደመቀ። መጋቢት ተገባደደ። የቀጠሮዬ ቀን ደሴ ወረድኩ። ሐኪሙ ሽንቴን አስመረመረ፣ ቁስሉን ነካ ነካ አደረገ፣ ወረቀት ላይ ጻፈ። ከዚያ ፈገግ ብሎ "አባባ፣ በጣም ጥሩ ነው። ከእንግዲህ ቀስ እያሉ የለመዱትን መብላት ይችላሉ። ቡናም አንድ ሁለት ስኒ አይጎዳዎትም። ውሃውን ግን አይተዉ" አለኝ። ልጄ ሥራ ስለነበራት አልመጣችም ነበር፤ ይህን የሰማሁ እኔ ብቻ ነኝ። ወረቀቱንም በገዛ ኪሴ ከተትኩት። ከሆስፒታሉ በር ስወጣ የደሴ ነፋስ ጥብስ ጥብስ ሸተተኝ።

ዓይኔ ሥጋ ቤት ፈለገ። የክርስቲያኑ ሥጋ ቤት ለሁዳዴ ተዘግቷል። የእስላሙ ከኢድ ወዲህ ተከፍቶ ሙክቱ ተሰቅሏል፤ እሱ ደግሞ ለእኔ አይሆንም። በሁለቱ መካከል ቆምኩ። ሐኪም ፈቅዶልኝ፣ ኪሴ ውስጥ የጡረታ ገንዘብ እያለ፣ ደሴን በሚያህል ከተማ ቁራጭ ሥጋ አጣሁ። ይሁን፣ ቤቴ እንቁላል አይጠፋም ብዬ ታክሲ ተሳፈርኩ።

ቤት ስደርስ የነፍስ አባቴ ተቀምጠው ነበር። ወረቀቱን አሳየኋቸው፤ ምነው ባላሳየሁ። "እልል በሉ! ድነዋል!" አሉ፤ አስባርከው፣ መስቀል አሳልመው ሲያበቁ "እንግዲህ በሽታው ከለቀቀዎ ጾሙም ይመለሳል። ፋሲካ ሚያዝያ 12 ናት፤ የቀረችውን ከእኛ ጋር ይጾሟታል" አሉኝ። ሐኪሙ በጠዋት የፈታውን ካህኑ ለምሳ ሳልደርስ አሰሩት። እንቁላሉን ከሰሐኔ ላይ የልጅ ልጄ አነሣው። ጣፈጠ አለ።

አንድ ተስፋ ቀረኝ። በርበሬ ጾም ነው። ቡናም ጾም ነው። ስልጆው ጾም ነው። ባለቤቴን ጠርቼ፣ ሐኪሙ እንዲህ እንዲህ ብሏል፣ ዛሬ ቀይ ሽሮ ይሠራልኝ፣ ወፈር ያለ፣ ቃሪያዋ ከጎኑ፣ አቦሉም ይፍላ አልኳት። እሺ አለች፤ ደስ ብሏት ጓዳ ገባች። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እንጀራው ተዘረጋ፤ ሽሮው ፈሰሰ፤ አልጫ ነው። ነጭ! በርበሬዋ የት ሄደች ብል "ልጅቷ ስትመጣ ወረቀቱን ትየው፤ እስከዚያ ምን አስቸኮለህ፣ ለምደኸው የለም ወይ?" አለችኝ። ለቡናውም ስኒ ቀረበልኝ፤ ውስጡ ጤና አዳም የገባበት ሙቅ ውሃ ነው።

ስለዚህ በኔ ዕድሜ ላላችሁ ወንድሞቼ የምላችሁ ይህ ነው። ሽንታችሁ ሲቆራረጥ ብርድ ነው ብላችሁ አትቀመጡ፤ ቶሎ ታከሙ፣ ሕክምናው አለ፣ ያድናል። ውሃውንም ጠጡ፣ ጎመኑንም ብሉ፤ ይጠቅማል፣ ግን እኔ ነኝ ያልኩት እንዳትሉ። ሆስፒታል ከመግባታችሁ በፊት ግን ሐኪሙ የሚሰጠውን ወረቀት በቤታችሁ ማን እንደሚቀበል በሽማግሌ ተፈራረሙ። የበርበሬውንም ማሰሮ ቆልፋችሁ ቁልፉን እጃችሁ ላይ አድርጉት፤ እንዳይወሰድባችሁ ሳይሆን፣ ስትድኑ የት እንዳለ የሚያውቅ አንድ ሰው እንዲኖር።